የነጋዴው መዝገብ ለፕሮግራም ሠሪው መምህር ስለ መሆኑ

ንግድ በቃል ይጀመራል እንጂ በቃል አይጸናም። ዕቃ ሲታዘዝ የትእዛዝ ወረቀት፣ ሲጫን የጭነት ሰነድ፣ መጋዘን ሲገባ የመረከቢያ ደረሰኝ፣ ሲሸጥ የሽያጭ ደረሰኝ፣ ገዢው ሲመልሰውም የተመላሽ ሰነድ ሊኖረው እንደሚገባ ማንኛውም ነጋዴ ያውቀዋል። ይህም ልማድ በአንድ ቀን የተገኘ አይደለም። ብዙ ገንዘብ ከጠፋ፣ ብዙ ክርክርም በዳኛ ፊት ከታየ በኋላ ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ የመጣ ዕውቀት ነው።

በአሁኑ ዘመን ከአስመጪዎች፣ ከላኪዎችና ከባለ ሱቆች አያሌዎቹ ይህንኑ የወረቀት ሥራ ወደ ኮምፒዩተር እያዛወሩት ነው። ከእነርሱም አንዳንዶቹ ተሠርቶ የተዘጋጀ ፕሮግራም ገዝተው ይጠቀማሉ፤ ሌሎቹ ግን ትምህርቱን በቅርብ ጊዜ የፈጸመ አንድ ወጣት ቀጥረው፣ ለቤታቸው ጠባይ የሚስማማ የዌብ ፕሮግራም እንዲሠራላቸው ያደርጋሉ። ወጣቱም አብዛኛውን ጊዜ ሥራውን እየሠራ የሚማር ነው። ከሚማራቸው ነገሮች መካከል ለአሠሪው ታላቅ ጥቅም ወይም ታላቅ ጉዳት ሊያመጣ የሚችለው አንዱ «ሬስት» በመባል የሚታወቀው የአሠራር ሥርዐት ነው።

ነጋዴው ግን ይህን ስም ሲሰማ «ይህ የባለሙያው ጉዳይ ነው፤ እኔ የምፈልገው ሥራው በቶሎ እንዲያልቅልኝ ነው» ማለቱ የተለመደ ነው። ይህ አስተያየት ስሕተት ነው። የሬስት ትምህርት ከባዱ ክፍል የማሽን ነገር ሳይሆን፣ ለእያንዳንዱ ጉዳይ ትክክለኛ ስም የማውጣት ነገር ነው። የንግድን ጉዳዮች ስም ደግሞ ከንግድ ቤቱ መዝገብ የተሻለ የሚያስተምር የለም። ስለዚህ ተማሪውን ብቻውን የሚተወው አሠሪ በገዛ ገንዘቡ የገዛ ጉዳቱን ያሠራል ለማለት ይቻላል።

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፣ በመጀመሪያ የነገሩን ምንጭ መመልከት ይገባል። የዌብ አሳብ በጽሑፍ የቀረበው በአውሮፓ አቈጣጠር በ1989 ሲሆን፣ ያቀረበውም በጄኔቭ አጠገብ በሚገኘው ሰርን በተባለው የምርምር ድርጅት ይሠራ የነበረው እንግሊዛዊው ቲም በርነርስ ሊ ነው። በዌብ ላይ ኮምፒዩተሮች የሚጻጻፉበት ኤች.ቲ.ቲ.ፒ. የተባለ ደንብ አለ። ይህን ደንብ ካረቀቁት ሰዎች አንዱ የሆነው ሮይ ፊልዲንግ፣ በ2000 በአሜሪካ አገር በአርቫይን ከተማ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ለዶክተርነት ማዕርግ ባቀረበው ጽሑፍ፣ ዌብ እንዲህ ሰፍቶ ሳለ ሳይፈርስ እንዲቆም ያስቻሉትን ሥርዐቶች ለይቶ ሰበሰባቸው። ለስብስቡም ሬስት የሚል ስም ሰጠው።

እንግዲህ ሬስት በገበያ የሚገዛ ዕቃ ወይም በኮምፒዩተር ላይ የሚጫን ፕሮግራም አይደለም። ፕሮግራም ሠሪው በፈቃዱ ራሱን የሚያስርበት ደንብ ነው። ደንቦቹም 6 ሲሆኑ፣ ለነጋዴ እንግዳ የሆነ ነገር በውስጣቸው እጅግ ጥቂት ነው።

የመጀመሪያው፣ ጠያቂውና መዝገብ ጠባቂው የተለያዩ ይሁኑ ይላል። ይህም ገዢው ከመደርደሪያው ፊት፣ ባለ መጋዘኑ ከመጋዘኑ ውስጥ እንደሚሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ እያንዳንዱ ጥያቄ በራሱ ሙሉ ይሁን ይላል። ጥሩ የንግድ ደብዳቤ ቁጥሩን፣ ቀኑንና ጉዳዩን ይዞ እንደሚሄድና፣ ተቀባዩ ትናንት በስልክ የተባለውን ማስታወስ ሳያስፈልገው መልስ ሊሰጥበት እንደሚችል ማለት ነው። ሦስተኛው፣ መልሱ ተቀምጦ እንደገና ሊሠራበት የሚችል መሆን አለመሆኑ በግልጽ ይነገር ይላል። የዋጋ ዝርዝር የሚጸናበት ቀን እንደሚጻፍበት ነው። አራተኛው፣ የመጠየቂያው መንገድ ለሁሉም ነገር አንድ ዓይነት ይሁን የሚለው ነው፤ የዚህ ጽሑፍ ዋና ጉዳይም ይኸው ነው። አምስተኛው፣ በመካከል ሌላ አገናኝ ቢገባ ላኪውም ተቀባዩም አሠራራቸውን መለወጥ አያስፈልጋቸውም ይላል፤ በላኪና በተቀባይ መካከል ትራንዚተር እንደሚቆም ማለት ነው። ስድስተኛው፣ መዝገብ ጠባቂው ለጠያቂው የሚሠራበትን መመሪያ አብሮ ሊልክለት ይችላል የሚል ሲሆን፣ ይህ በፈቃድ እንጂ በግዴታ የሚደረግ አይደለም።

አራተኛው ደንብ በሥራ ላይ ሲውል እንዲህ ይሆናል። በፕሮግራሙ ውስጥ ያለ ጉዳይ ሁሉ የራሱ ስምና የራሱ ቋሚ አድራሻ ይኖረዋል። የትእዛዞች መዝገብ አንድ አድራሻ አለው፤ 7 ቁጥር ትእዛዝም የራሱ አድራሻ አለው። በእነዚህ አድራሻዎች ላይ የሚደረጉት ድርጊቶች ግን ጥቂትና የታወቁ ናቸው። «ጌት» ማለት አሳየኝ ማለት ነው። «ፖስት» አብዛኛውን ጊዜ አዲስ መዝግብልኝ ማለት ነው። «ፑት» የነበረውን በሙሉ በዚህ ተካልኝ፣ «ፓች» የነበረውን በከፊል አርምልኝ፣ «ዲሊት» ደግሞ አስወግድልኝ ማለት ነው። ከእነዚህ መካከል ፓች ለብቻው ደንብ ሆኖ የወጣው በ2010 ነው። ስሞቹ እንደ ንግዱ ስፋት ሊበዙ ይችላሉ፤ ግሶቹ ግን አይበዙም።

ይህ አሳብ ለተራው ፕሮግራም ሠሪ በእጅ የሚያዝ መሣሪያ እንዲሆን ካደረጉት የዌብ ማዕቀፎች መካከል በሰፊው የታወቀው ሩቢ ኦን ሬይልስ ነው። ማዕቀፍ ማለት ለቤት ሥራ ተቈርጦና ተገጣጥሞ እንደ ቀረበ ማገርና ወጋግራ፣ ፕሮግራም ሠሪው ሁሉን ከመሠረቱ እንዳይጀምር የሚረዳው ዝግጁ ቅርጽ ነው። ሬይልስን የሠራው ዴንማርካዊው ዴቪድ ሃይነማየር ሃንሰን ሲሆን፣ ለሕዝብ የወጣውም በ2004 ነው። ይኸው ሰው በ2006 በቺካጎ ከተማ በተደረገው የሬይልስ ባለሙያዎች ጉባኤ ላይ ባልደረቦቹ አዳዲስ ግስ ከመፍጠር ይልቅ አዳዲስ ስም ወደ መፈለግ እንዲዞሩ መከራቸው። በጥር ወር 2007 የወጣው 1.2 የተባለው እትም ይህን አሠራር ይዞ ቀረበ፤ በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር የወጣው 2.0 ደግሞ የተለመደው መንገድ አደረገው።

በሬይልስ ሥርዐት አንድ ስም ከተሰጠ በኋላ 7 ሥራዎች ብቻ ይኖሩታል። እነርሱም ዝርዝሩን ማሳየት፣ አንዱን ለይቶ ማሳየት፣ ለአዲስ ጉዳይ ባዶ ቅጽ ማቅረብ፣ አዲሱን መመዝገብ፣ የማረሚያ ቅጽ ማቅረብ፣ እርማቱን መመዝገብና ማስወገድ ናቸው። በ2011 የወጣው ላራቬል የተባለው ማዕቀፍም ተመሳሳይ የሆኑ 7 ሥራዎችን ይዟል። ስለዚህ ይህን ሥርዐት በአንዱ ማዕቀፍ የተማረ ሰው ወደ ሌላው ሲሄድ ብዙ አይቸገርም።

እስከዚህ ድረስ ያለው ትምህርት በጥቂት ቀናት ይገባል። ችግሩ የሚጀምረው ተማሪው ከመጽሐፉ ተነሥቶ ወደ እውነተኛው ንግድ ቤት በገባ ጊዜ ነው።

ለምሳሌ የሕንፃ መሣሪያ የሚያስመጣ አንድ ንግድ ቤት ይታሰብ። ባለቤቱ ወጣቱን ጠርቶ «ትእዛዝ መጻፍ፣ ማጽደቅ፣ መሰረዝ፣ ማስተላለፍ፣ መረከብ፣ ጉድለት ማስታወቅ፣ መመለስ የሚችል ፕሮግራም ሥራልኝ» ይለዋል። ባለቤቱ የተናገረው ሁሉ ግስ ነው። ወጣቱም እንደ ሰማው ይሠራል፤ ለትእዛዝ ከተሰጡት 7 ሥራዎች ላይ ማጽደቅን ይጨምራል፣ ቀጥሎ መሰረዝን፣ ቀጥሎ የተሰረዘውን ማስመለስን፣ ቀጥሎም በከፊል መሰረዝን። ዓመት ሳይሞላ በአንድ ስም ላይ የተንጠለጠሉት ግሶች ከሠሪው በቀር ማንም የማያውቃቸው ይሆናሉ። እያንዳንዱ ግስ የየራሱ ጠባይ ስላለው፣ አንዱን ያወቀ ሌላውን ሊገምት አይችልም።

ጉዳቱ የሚታየው ክርክር በተነሣ ዕለት ነው። በዚያ ፕሮግራም ትእዛዝን መሰረዝ ማለት በትእዛዙ ላይ «ተሰርዟል» የሚል ምልክት ማድረግ ብቻ ነበር እንበል። ከ3 ወር በኋላ ዕቃ አቅራቢው ዕቃውን ጭኖ ሒሳቡን ይጠይቃል። ባለቤቱ ተሰርዟል ይላል። ማን ሰረዘው? በየትኛው ቀን? በምን ምክንያት? ለአቅራቢውስ ከመጫኑ በፊት ተነግሮታል ወይስ አልተነገረውም? ፕሮግራሙ ከአንዲት ምልክት በቀር የሚመልሰው የለውም። እንደዚህ ያለውን ነገር የወረቀቱ መዝገብ አይፈቅድም ነበር። መዝገብ ያዡ ያለ ቀን፣ ያለ ቁጥርና ያለ ፊርማ ምንም ነገር ሰርዞ አያውቅምና።

ሬስት በሚገባ ገብቶት ቢሆን ኖሮ፣ ወጣቱ ትእዛዝን «ከመሰረዝ» ይልቅ «ስረዛ» የሚባል አዲስ ስም በፈጠረ ነበር። ስረዛ የራሱ ቁጥር፣ የራሱ ቀን፣ የራሱ ምክንያትና የራሱ ፈራሚ ያለው ጉዳይ ነው። ይፈጠራል፣ ይታያል፣ በዝርዝር ይቀርባል። ማጽደቅም እንዲሁ «ማጽደቂያ» ይሆናል፤ መረከብ «መረከቢያ»፣ መመለስ «ተመላሽ»፣ ጉድለት ማስታወቅም «የጉድለት ማስታወቂያ» ይሆናል። እያንዳንዱም ያው የታወቁት 7 ሥራዎች ወይም ከእነርሱ የሚያስፈልጉት ጥቂቶቹ ብቻ ይኖሩታል። መረከቢያ አንዴ ከተመዘገበ በኋላ ሊወገድ የማይገባው ከሆነ፣ ማስወገድ የሚባለው ሥራ ከመጀመሪያውም አይከፈትለትም።

አስተዋይ ነጋዴ እዚህ ላይ አንድ ነገር መገንዘብ አለበት። እነዚህ ሁሉ ስሞች ወጣቱ ከውጭ አገር መጽሐፍ ሊያገኛቸው የማይችላቸው፣ በንግድ ቤቱ መሳቢያ ውስጥ ግን ለብዙ ዓመታት የተቀመጡ ናቸው። እያንዳንዱ የታተመ ጥራዝ አንድ ስም ነው። በጥራዙ ላይ የታተመው መስመር ሁሉ ስለዚያ ስም ሊጠየቅ የሚገባውን ይናገራል። የቀድሞ ነጋዴዎች ሥራን ሁሉ ወደ ሰነድ የለወጡት፣ ሥራ አልፎ ሲረሳ ሰነድ ቀርቶ ስለሚመሰክር ነው። ፊልዲንግና ሃንሰን ለኮምፒዩተር ያስተማሩት መዝገብ ቤት ከቆየበት ልማድ የራቀ አይደለም። ስም መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ በንግድ ቤት ግን ስሙን ያወጣው መዝገብ ያዡ ነው፣ ተማሪውም ወደ እርሱ መሄድ ይገባዋል።

ስም ከማውጣት ቀጥሎ ተማሪው በጥንቃቄ ሊማረው የሚገባ ሌላ ነገር አለ፤ ይኸውም በግሶቹ መካከል ያለው ልዩነት ነው። ጌት ማለት ማየት ብቻ ነው ተብሏል። ማየት ምንም ነገር ሊለውጥ አይገባም። መዝገብ የገለጠ ሰው ሁሉ መዝገቡን ካበላሸው መዝገብ መያዝ ትርጕም የለውም። ዳሩ ግን ብዙ ፕሮግራም ሠሪዎች ለማቅለል ብለው ማስወገድን በተራ ማያያዣ አድራሻ ላይ ያደርጉት ነበር። በ2005 ጉግል የተባለው ኩባንያ የዌብ ገጾች ቶሎ እንዲከፈቱ የሚያደርግ አንድ ፕሮግራም አወጣ። ይህ ፕሮግራም ተጠቃሚው ገና ሳይጫናቸው በገጹ ላይ ያሉትን ማያያዣዎች አስቀድሞ እየከፈተ ያዘጋጅ ነበር። በአንዳንድ የዌብ ፕሮግራሞች ላይ ግን ከማያያዣዎቹ መካከል «አስወግድ» የሚሉት ስለ ነበሩ፣ እነርሱንም ከፍቶ የሰዎችን ጽሑፍ አጠፋ። ያን ጊዜ ጥፋቱ የማን ነው ተብሎ ብዙ ተከራከሩ። ሆኖም በ1999 በወጣው የኤች.ቲ.ቲ.ፒ. ደንብ ውስጥ ጌት ለማየት እንጂ ለሌላ ድርጊት እንዳይውል ቀድሞ ተጽፎ ነበር። ደንብን በትንሽ ነገር የተላለፈ ሰው ዋጋውን የሚከፍለው ባልጠረጠረው ቀን ነው።

ሁለተኛው ልዩነት ለነጋዴ ኪስ ይበልጥ የቀረበ ነው። አንዳንድ ግስ ሁለት ጊዜ ቢደገም ውጤቱ ያው ነው፤ አንዳንዱ ግን ይጨምራል። የሚስማር ዋጋ በካርቶን 500 ብር ይሁን ብሎ ሁለት ጊዜ መጻፍ ዋጋውን 1000 ብር አያደርገውም። ይህ የፑት ጠባይ ነው፤ ዲሊትም ከዚሁ ወገን ነው፣ አንዴ የተወገደ ነገር ሁለተኛ አይወገድምና። አዲስ ትእዛዝ መዝግብ የሚለው ፖስት ግን ሁለት ጊዜ ቢላክ ሁለት ትእዛዝ ሊፈጥር ይችላል። የኢንተርኔቱ መስመር ሲዘገይ ጸሓፊዋ አንዴ ተጭና መልስ ስታጣ ደግማ መጫኗ ያለ ነገር ነው። በዚህች አንዲት መጫን ምክንያት ሁለት ኮንቴይነር ዕቃ ቢታዘዝ፣ በብዙ ድካም የተገኘው የውጭ ምንዛሪ ወዴት ይሄዳል?

መድኀኒቱም እንደ ሌላው ሁሉ ከመዝገቡ ይገኛል። ትእዛዝ ገና ሲጀመር የማይደገም ቁጥር ይሰጠዋል፤ መዝገቡም አንድን ቁጥር ሁለት ጊዜ እንዳይቀበል ይደረጋል። ያን ጊዜ ሁለተኛው ጥያቄ ሲመጣ ፕሮግራሙ «ይህ ቁጥር ቀድሞ ገብቷል» ብሎ ይመልሳል። ለዚህም ኤች.ቲ.ቲ.ፒ. የታወቁ የመልስ ቁጥሮች አሉት። 201 ማለት አዲሱ ጉዳይ ተፈጥሯል፣ 404 የተጠየቀው አልተገኘም፣ 409 ደግሞ ጥያቄው በመዝገቡ ካለው ነገር ጋር ይጋጫል ማለት ነው። ብዙ ጀማሪዎች ሥራው ሳይሳካ እንኳ 200 የሚለውን «ደኅና ነው» የሚል መልስ ይልካሉ። ይህም ዕቃ ሳይረከቡ የመረከቢያ ደረሰኝ እንደ መፈረም ይቈጠራል።

በዚህ አሳብ ላይ መቃወሚያ የሚያነሡ አይጠፉም። የመጀመሪያው መቃወሚያ ጉዳይ ሁሉ ስም ሊሆን አይችልም የሚለው ነው። ለምሳሌ ወደ ፕሮግራሙ መግባትና መውጣት ድርጊት እንጂ ነገር አይደለም ይላሉ። ነገር ግን ሠራተኛ በጥበቃ በር ላይ የመግቢያ መዝገብ ሲፈርም፣ መግባቱ ራሱ በመዝገብ ላይ አንድ መስመር ይሆናል። በሬይልስም አንድ ሰው ሲገባ «የሥራ ቈይታ» የሚባል ጉዳይ ይፈጠራል፣ ሲወጣም ይወገዳል። የወር የሽያጭ መግለጫም ማሠራት የሚል ግስ ሳይሆን መግለጫ የሚል ስም ነው። እውነት ነው፣ ምንም ቢፈለግ ስም የማይገኝለት ጥቂት ነገር ይኖራል። ለዚህም ሬይልስ ከ7ቱ ሥራዎች ውጭ ለመጨመር በሩን አልዘጋም። ቁም ነገሩ ተማሪው በዚያ በር የሚወጣው ስም ፈልጎ ካጣ በኋላ እንጂ መፈለግ ሰልችቶት እንዳይሆን ነው።

ሁለተኛው መቃወሚያ ከአዋቂዎች ወገን የሚመጣ ነው። በዚህ ዓይነት የሚሠሩት ሁሉ የፊልዲንግን ሬስት በሙሉ አልያዙትም ይላሉ። ፊልዲንግ ራሱም በ2008 ብዙዎች ሬስት ብለው የሚጠሩት ሥራ፣ ጠያቂው ከተሰጠው መልስ ውስጥ ቀጣዩን መንገድ እንዲያገኝ የሚያዝዘውን ክፍል የዘነጋ መሆኑን ጽፎ ወቅሷል። ወቀሳው ትክክል ነው። ቢሆንም ጀማሪ ነጋዴ የሒሳብ አያያዝን ሁሉ እስኪያውቅ ድረስ ደረሰኝ መቍረጥን አይተውም። ስምን በትክክል ማውጣትና ግስን በቦታው ማዋል የመጀመሪያው ደረጃ ነው። ይህን የያዘ ተማሪ ቀሪውን ለመማር መሠረት አለው፤ ይህን ያልያዘ ግን የቀረው ሁሉ አይጠቅመውም።

ሦስተኛውና በንግድ ቤት ዘንድ የበረታው መቃወሚያ የጊዜ ጉዳይ ነው። «ወጣቱ ስም ሲፈልግ ወር ይሄዳል፤ እኔ ግን ፕሮግራሙን ለሚቀጥለው ሳምንት እፈልገዋለሁ» የሚል ባለ ገንዘብ ብዙ ነው። ነገር ግን የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚለው ተረት ለዚህ የተተረተ ይመስላል። በችኮላ የተሠራ ፕሮግራም ሁለት ጊዜ ይከፈልበታል፤ አንዴ ሲሠራ፣ አንዴም ሲፈርስ። ከዚህም የሚብሰው፣ ወጣቱ የተሻለ ደመወዝ አግኝቶ የሄደ ቀን፣ በራሱ ግሶች የተሠራውን ሌላ ሰው ሊያነብበው አለመቻሉ ነው። ያን ጊዜ ንግድ ቤቱ የሒሳብ መዝገቡን ባልታወቀ ቋንቋ ጽፎ እንደ ሄደ ጸሓፊ ያለ ችግር ይገጥመዋል። በታወቀው ሥርዐት የተሠራ ከሆነ ግን ተተኪው ስሞቹን ባየ ጊዜ ከእያንዳንዱ ስም በስተ ጀርባ ያሉትን ሥራዎች በአብዛኛው ሳይነገረው ያውቃቸዋል። ንግድ ቤት በአንድ ሰው ላይ ብቻ ተንጠልጥሎ እንዳይቀር ከሚያደርጉት ነገሮች አንዱ ይህ ነው።

በአገራችን ደግሞ ይህ ጉዳይ የሕግ ፊት አለው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቍጥር 1205 ለኤሌክትሮኒክ መልእክትና መዝገብ ሕጋዊ ዕውቅና ሰጥቷል። እንግዲህ በኮምፒዩተር የተያዘው ነገር እንደ ማስታወሻ ብቻ የሚታይበት ጊዜ አልፏል። ስረዛው ቀን፣ ቁጥርና ፈራሚ ያለው ነጋዴ በክርክር ጊዜ የሚያቀርበው ነገር አለው፤ «ተሰርዟል» የምትል አንዲት ምልክት ብቻ ያለው ግን እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል።

ስለዚህ የዌብ ፕሮግራም የሚያሠራ ነጋዴ ሊያደርጋቸው የሚገቡ ጥቂት ነገሮች አሉ። ለአፈጻጸማቸውም ፕሮግራም መጻፍ ማወቅ አያስፈልገውም።

አንደኛ፣ ወጣቱ አንዲት መስመር ከመጻፉ በፊት ከመዝገብ ያዡ፣ ከገንዘብ ያዡና ከመጋዘኑ ኀላፊ ጋር ጥቂት ቀናት ተቀምጦ፣ በቤቱ ያሉትን ጥራዞችና ቅጾች ሁሉ አንድ በአንድ እንዲያያቸው ያድርግ። ብዙ ጊዜ «ሥራ ታስፈታናለህ» ተብሎ ከመዝገብ ቤት የሚባረረው ወጣት፣ በኋላ ሠራተኞቹን ሁሉ ሥራ የሚያስፈታ ፕሮግራም ይሠራል።

ሁለተኛ፣ ወጣቱ የስሞቹን ዝርዝር በአንድ ወረቀት ላይ ጽፎ፣ ለእያንዳንዱ ስም ከ7ቱ ሥራዎች የትኞቹ እንደሚፈቀዱ በአማርኛ ያቅርብ። ይህን ወረቀት ማንኛውም ባለ ንግድ ሊያነብበው ይችላል። አንብቦም «መረከቢያ እንዴት ሊወገድ ይችላል?» ወይም «የተመላሽ ሰነዱ የት አለ?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ይህች ጥያቄ በወረቀቱ ላይ በቀይ እርሳስ ትታረማለች፤ ፕሮግራሙ ካለቀ በኋላ ግን ብዙ ገንዘብ ታስወጣለች።

ሦስተኛ፣ ከሠራተኞቹ አንዱ ትእዛዝ ሲልክ ሆን ብሎ ሁለት ጊዜ ተጭኖ ምን እንደሚሆን በፊቱ እንዲፈተን ያድርግ። ሁለት ትእዛዝ ከተመዘገበ ሥራው ገና አላለቀም።

አራተኛ፣ ለትምህርቱ ጊዜ ይስጠው። የእንጨት ሠሪ ተለማማጅ ብዙ ሳንቃ ሳያበላሽ አናጢ እንዳልሆነ ሁሉ፣ ወጣቱም የመጀመሪያዎቹን ስሞች ሳያበላሽ አይማርም። በእውነተኛው መዝገብ ላይ ከሚያበላሽ ይልቅ በመለማመጃው ላይ ቢያበላሽ ይሻላልና፣ መለማመጃውን በትንሽ ጉዳይ፣ ለምሳሌ በጽሕፈት መሣሪያ ወጪ መዝገብ ቢጀምር መልካም ነው።

ወጣቱም በበኩሉ ትሕትና ያስፈልገዋል። ከትምህርት ቤት የመጣ ሰው ወረቀት ሁሉ ያረጀ ነገር ይመስለዋል፤ ኮምፒዩተሩ የወረቀቱን ቦታ ሊይዝ የመጣ ነውና ከወረቀቱ የሚማረው ያለ አይመስለውም። ነገር ግን ያረጀው ወረቀቱ ነው እንጂ በወረቀቱ ላይ ያለው ጥበብ አይደለም። የሬስትን ትምህርት በሚገባ የፈጸመ ሰው ወደ መዝገብ ቤቱ ተመልሶ ሲገባ፣ ነጭ ጢም ያበቀለው መዝገብ ያዥ በየቀኑ ሲሠራ የኖረው የትኛውን ደንብ እንደ ነበረ ይገለጥለታል።

ነጋዴው ስሙን ይስጥ፤ ወጣቱ ሥርዐቱን ይማር፤ መዝገብ ያዡም በሁለቱ መካከል ተቀምጦ ያስተርጕም። በዚህ መልክ የተሠራ ፕሮግራም ሠሪው ቢሄድም ይኖራል፤ ክርክር ቢነሣም ይመሰክራል።